በነፃ ሥርዓተ ክወና ላይ ሙዚቃን በቤት መቅዳት፦ የመዘግየት ችግርና የቀረጻው ዕድሜ

ለጥናቱ የበገና፣ የክራር ወይም የማሲንቆ ድምፅ መቅዳት የሚፈልግ የድኅረ ምረቃ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ያለው አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክሮፎንና ከመንገድ ጫጫታ በመጠኑ የራቀ ክፍል ነው። በገበያ ላይ የታወቁት የቀረጻ ሶፍትዌሮች ፈቃዳቸው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ ይጠይቃሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ይጭናል። ድርጊቱ ከሕግ አንጻር ያለበት ችግር ግልጽ ነው፤ ለተመራማሪ ግን ሌላም ጣጣ አለው። በምን መሣሪያ እንደቀዳ በአጠናን ዘዴ ምዕራፉ ላይ በግልጽ ሊጽፍ አይችልም፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም የሥራ ፋይሉን የሚከፍትለት ሶፍትዌር ስለማግኘቱ ዋስትና የለውም።

ይህ ጽሑፍ ሌላውን መንገድ፣ ማለትም በሊኑክስ ላይ በክፍት ምንጭ መሣሪያዎች መቅዳትን ይመረምራል። ትኩረቱ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው። አንደኛው፣ ለሙዚቃ ቀረጻ ዋና ፈተና የሆነው የድምፅ መዘግየት በዚህ ሥርዓተ ክወና ላይ እንዴት ይፈታል የሚለው ነው። ሁለተኛው የተቀዳው ሥራ ከቀራጩ እጅ ከወጣ በኋላ ምን ያህል ዘመን ሊሻገር እንደሚችል ይጠይቃል።

አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል። በአማርኛ «ነፃ» ሁለት ነገር ይሸከማል፤ «በነፃ ሰጠኝ» ስንል ዋጋ አለመከፈሉን፣ «ነፃ ወጣ» ስንል ደግሞ ከእስር ወይም ከባርነት መለቀቅን እንናገራለን። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ ያደረገው የግኑ ፕሮጀክት፣ ከዚያም የወጣው የጂፒኤል ፈቃድ የሚናገሩት ስለ ሁለተኛው ትርጉም ነው፤ ተጠቃሚው የሶፍትዌሩን ምንጭ ጽሑፍ የማየት፣ የመለወጥና ለሌላ የማካፈል መብት አለው። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሊኑክስም በዚሁ ፈቃድ ሥር ነው። ዋጋ አለመከፈሉ የዚህ መብት ተከታይ እንጂ መሠረቱ አይደለም። ከዚህ በታች የሚነሣው አርዶር የተባለው የቀረጻ ሶፍትዌር ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ምንጭ ጽሑፉ ለማንም ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ተዘጋጅቶ የሚወርደው ቅጂ ግን ከድረ ገጹ በአነስተኛ ክፍያ ይሸጣል። በአንጻሩ በኡቡንቱና በፌዶራ ማከማቻዎች ያለው ቅጂ ያለ ክፍያ ይጫናል።

መዘግየት ከየት ይመጣል?

«መቅዳት» የሚለው ግሥ ለውኃም ለድምፅም ማገልገሉ እዚህ ላይ ይረዳናል። ከማይክሮፎን የሚመጣው የኤሌክትሪክ ሞገድ በድምፅ ኢንተርፌሱ ውስጥ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ቁጥር እንደደረሰ አያነሣውም፤ ውኃ ከምንጭ በሲኒ ሳይሆን በእንስራ እንደሚቀዳ ሁሉ፣ ቁጥሮቹ በፈር በሚባል ጊዜያዊ ማቆያ ውስጥ ተጠራቅመው በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። እንስራው እስኪሞላ የሚጠበቅበት ጊዜ መዘግየት ይባላል። 256 ናሙና የሚይዝ በፈር በ48 ኪሎኸርትዝ ለመሙላት 5.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ድምፁ ሲገባ አንድ በፈር፣ ወደ ጆሮ ማዳመጫ ሲመለስ ደግሞ ሁለት በፈር የሚጠብቅ ቢሆን ጠቅላላው 16 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ በዚህ ላይ የመለወጫውና የዩኤስቢ መስመሩ ጥቂት ይጨምራሉ። በፈሩ ወደ 64 ናሙና ቢወርድ በዚያው ስሌት 4 ሚሊሰከንድ ብቻ ይቀራል።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ትንሹን አንመርጥም? እንስራው ትንሽ ሲሆን ቀጂው ቶሎ ቶሎ መመላለስ ስላለበት ነው። ፕሮሰሰሩ በሌላ ሥራ ተይዞ አንድ ጊዜ እንኳ ከዘገየ ማቆያው ሞልቶ ይፈሳል ወይም ባዶ ሆኖ ይገኛል። ይህ ኤክስራን የሚባለው ክስተት ሲሆን፣ በቀረጻው ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ወይም ትንሽ ክፍተት ይተዋል። በጭፈራ ዘፈን ውስጥ ላይታወቅ ይችላል፤ በበገና ዝግታ ውስጥ ግን እንደ ጠጠር ይሰማል።

የቁጥሮቹን ክብደት ለመመዘን ወደ አየር መመለስ ጠቃሚ ነው። ድምፅ በክፍል ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አንድ ሚሊሰከንድ ማለት 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሜትር ተራርቀው የተቀመጡ የክራርና የማሲንቆ ተጫዋቾች አንዳቸው የሌላቸውን ድምፅ የሚሰሙት ወደ 9 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው፤ ሆኖም ማንም ቅር ሲለው አይታይም። ችግሩ የሚበረታው ዘፋኝ የራሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ነው። ድምፁ በራስ ቅሉ አጥንት በኩል ወዲያው ይደርሰዋል፤ በማዳመጫው በኩል ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል። ሁለቱ ሲደራረቡ አንዳንዱ ድግግሞሽ ይጠፋፋል፣ አንዳንዱ ይጎላል፤ ድምፁም ባዶ በርሜል ውስጥ የተነገረ ይመስላል። ለዚህ ጥቂት ሚሊሰከንድ እንኳ ይበቃል።

በዚህ ጸሐፊ ግምት ግን ለድምፅና ለባህል መሣሪያ ቀረጻ ከትንሽ በፈር ጋር መታገል አብዛኛውን ጊዜ አስፈላጊ አይደለም። ብዙዎቹ የዩኤስቢ ኢንተርፌሶች የገባውን ድምፅ ወደ ኮምፒውተሩ ሳይልኩ በቀጥታ ወደ ማዳመጫው የሚመልሱበት ቁልፍ አላቸው። ዘፋኙ ራሱን በዚያ መንገድ ከሰማ በፈሩ 512 ወይም 1024 ቢሆንም አይጎዳውም። ቀደም ብሎ በተቀዳ ክራር ላይ ድምፅ ሲደረብም ሶፍትዌሩ የመዘግየቱን መጠን ካወቀ አዲሱን ቅጂ ያን ያህል ወደ ኋላ ስቦ በቦታው ያስቀምጠዋል። አርዶር ይህን መጠን ራሱ ይለካል፤ ከኢንተርፌሱ መውጫ ወደ መግቢያው አንድ ገመድ ተሰክቶ የሙከራ ድምፅ ይላካል፣ ደርሶ እስኪመለስ ያለው ጊዜም ይመዘገባል። ይህን ልኬት ማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ያልተደረገ እንደሆነ ግን የሚደረበው ሁሉ በጥቂቱ ዘግይቶ ይቀመጣል፣ ምክንያቱም ቶሎ አይገኝም። ትንሽ በፈር የግድ የሚሆነው ተጫዋቹ የሚሰማው ድምፅ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚፈጠር ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ በኪቦርድ የሚመታ የሶፍትዌር ሲንተሳይዘር ወይም ጊታር በሶፍትዌር አምፕሊፋየር በኩል ሲቀዳ።

ተራ አስከባሪው

አንድ ፕሮሰሰር ብዙ ሥራ ስለሚጠብቀው ማን መቼ እንደሚገባ የሚወስነው ከርነል የሚባለው የሥርዓተ ክወናው እምብርት ነው። በታክሲ ፌርማታ ላይ እንዳለ ተራ አስከባሪ መሆኑ ነው። መደበኛው ከርነል ሁሉም እንዲጓዝ ያስባል፤ በአማካይ ፍጥነት ይመዘናል። ለድምፅ ግን አማካይ አይረዳም። አንድ ሺህ ጊዜ በሰዓቱ ደርሶ አንድ ጊዜ የዘገየ ሥራ አንድ ኤክስራን ፈጥሯል።

ሊኑክስ ለዚህ ሁለት ነገር ይሰጣል። የመጀመሪያው፣ አንድ ፕሮግራም ከተራው ውጪ በቅድሚያ እንዲስተናገድ የሚያስችል የሪል ታይም ደረጃ ነው። ይህ ሥልጣን ለማንም አይሰጥም፤ ተጠቃሚው «ኦዲዮ» በሚባለው ቡድን ውስጥ መመዝገብ፣ ቡድኑም የሪል ታይም ቅድሚያና ማኅደረ ትውስታን የመቆለፍ ፈቃድ ማግኘት አለበት። እንደ ኡቡንቱ ስቱዲዮ ያሉ ለኪነ ጥበብ ሥራ የተሰናዱ ስርጭቶች ይህን አስቀድመው ያስተካክላሉ። ሁለተኛው፣ ፕሪኤምፕት-አርቲ የተባለው የከርነል ማሻሻያ ነው። ኢንጎ ሞልናርና ቶማስ ግላይክስነር ከሌሎች ጋር ለዓመታት ያበለጸጉት ይህ ማሻሻያ ከርነሉ ራሱ በያዘው ሥራ መካከል እንኳ ለቅድሚያው ባለቤት መንገድ እንዲለቅ ያደርጋል። ለሃያ ዓመት ገደማ ከዋናው ከርነል ውጪ እንደ ተጨማሪ ሲለጠፍ ቆይቶ በኅዳር ወር 2024 እ.ኤ.አ. በወጣው ሊኑክስ 6.12 ውስጥ ገባ። በመካከሉ በርካታ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ወደ ዋናው ከርነል ስለገቡ፣ ዛሬ ለቤት ቀረጻ ያልተለወጠው ከርነል በአብዛኛው ይበቃል።

የድምፅ መስመሩ ታሪክ የተጠማዘዘ ነው፤ ለሊኑክስ «በድምፅ በኩል አስቸጋሪ» የሚል ስም ያተረፈለትም ይኸው ነው። ከሥር ያለው አልሳ፣ ማለትም ከድምፅ ካርዱ ጋር የሚነጋገረው የከርነሉ ክፍል፣ በያሮስላቭ ኪሴላ ተጀምሮ በከርነል 2.6 ዘመን መደበኛ ሆነ። ከላዩ ሁለት የተለያዩ አሠራሮች ጎን ለጎን አደጉ። ፐልስኦዲዮ ለዕለት ተዕለት አጠቃቀም፣ ለፊልምና ለስልክ ጥሪ የተሠራ ነበር። ጃክ ደግሞ ለሙዚቀኞች ነበር። ጃክን የጻፈው ፖል ዴቪስ ነው፤ ይህ ሰው ከአማዞን የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራመሮች አንዱ የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ ከወጣ በኋላ አርዶርን መጻፍ ጀመረ። ጃክ አንዱን ፕሮግራም ከሌላው ጋር በስቱዲዮ ገመድ እንደሚያያዝ ያገናኛል፤ ሁሉም በአንድ ምት ይንቀሳቀሳሉ። ችግሩ ፐልስኦዲዮና ጃክ አንዱን የድምፅ ካርድ መሻማታቸው ነበር። ቀረጻ የከፈተ ሰው ከድር ላይ ድምፅ መስማት ያቅተዋል፤ ወይም ተቃራኒው ይሆናል።

ይህን የፈታው ፓይፕዋየር ነው። የሬድ ሃት ባልደረባ የሆነው ዊም ታይማንስ መጀመሪያ ለቪዲዮ ብሎ የጀመረው ሥራ ወደ ድምፅም ተሻግሮ፣ ለፐልስኦዲዮ የተጻፉትንም ለጃክ የተጻፉትንም ፕሮግራሞች ሳይለወጡ በአንድ ላይ ያስተናግዳል። ፌዶራ በ2021 መደበኛው የድምፅ ሥርዓት አደረገው፤ ስሪት 1.0 በ2023 መጨረሻ ወጣ። ሲጫን በፈሩ 1024 ናሙና፣ ማለትም 21.3 ሚሊሰከንድ ነው፤ ትንሽ በፈር የሚፈልግ ፕሮግራም ሲከፈት ይወርዳል። ፒደብሊው-ቶፕ የሚባለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን ፕሮግራም የበፈር መጠንና የተቆጠሩትን ስሕተቶች በሠንጠረዥ ያሳያል። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ይህን ለሩብ ሰዓት አሂዶ ስሕተቱ ከዜሮ አለመነቃነቁን ማየት ከማንኛውም ምክር የተሻለ ፍተሻ ነው።

ኢንተርፌስ ሲገዛ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የራሱን ድራይቨር ሳይጭኑ ይሠራል ወይ? ለታብሌትና ለስልክ እንዲሆኑ ተደርገው የሚሸጡት መሣሪያዎች የዩኤስቢን የጋራ የድምፅ ደረጃ ስለሚከተሉ በሊኑክስ ላይም እንደተሰኩ ይታወቃሉ። የራሳቸውን የዊንዶውስ ድራይቨር የሚጠይቁት ግን የገዢን ገንዘብ ሊያባክኑ ይችላሉ።

ክፍሉ፣ ማይክሮፎኑ፣ መጠኑ

ለቀረጻው ጥራት ከሥርዓተ ክወናው ይልቅ ክፍሉ ይወስናል። ባዶ ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ድምፁን መልሰው ይወረውሩታል፤ ፍራሽ፣ ጋቢና የተሞላ የመጻሕፍት መደርደሪያ ያረግቡታል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የክረምትን ዝናብ የሚያስወግድ ሶፍትዌር የለም፤ የመስክ መርሐ ግብር ሲወጣ ይህን ማስላት ይገባል። ከላፕቶፑ ቻርጀር የሚመጣው የ50 ኸርትዝ ሁምታና የእርሱ ብዜቶች በተለይ የበገና ጥልቅ ድምፅ በሚኖርበት አካባቢ ስለሚወድቁ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መቅዳት ቀላሉ መድኃኒት ነው። መብራት ቢጠፋም ቀረጻው አይቋረጥም።

በገና ለቀራጭ የሚገባውን ያህል ትኩረት አይሰጠውም። ዐሥሩ አውታሮቹ በድልድዩ ላይ በተቀመጡት የቆዳ ቁራጮች፣ በእንዝራዎቹ፣ ላይ እየነዘሩ የሚያወጡት ጥዝታ የመሣሪያው ማንነት ነው። ልማድ የሌለው ቀራጭ ይህን ጥዝታ እንደ ብልሽት ቆጥሮ ከፍተኛውን ድግግሞሽ ይቆርጣል፤ የጫጫታ ማጽጃ ሶፍትዌርም ያለ ርኅራኄ ያጠፋዋል። በጥናት ቀረጻ ላይ ማጽጃ ማስገባት ካስፈለገ በቅጂው ላይ እንጂ በመጀመሪያው ፋይል ላይ መሆን የለበትም።

መሣሪያው ዝቅተኛ ድምፅ ስላለው ቀራጩ መጠኑን እስከ ጫፍ የመክፈት ፈተና ይገጥመዋል። በ16 ቢት ዘመን ይህ ምክንያት ነበረው፤ የሚያዘው ስፋት በስሌት 96 ዴሲቤል ብቻ ነበርና። በ24 ቢት ስፋቱ 144 ዴሲቤል ስለሚደርስ፣ ከፍተኛው ምት ከጣሪያው ከ12 እስከ 18 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ቢቀዳ የሚጠፋ ነገር የለም። ጣሪያውን የነካ ምት ግን ተቆርጦ ይቀራል።

ቅኝትና የሶፍትዌሩ ግምት

የቀረጻ ሶፍትዌሮች ያልተናገሩት ግምት አላቸው። አንድ ስምንት ድምፅ በ12 እኩል ክፍል ይከፈላል፣ ሙዚቃ በአራት ምት ይሄዳል፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ነው ይላሉ። አርዶርም አዲስ ሥራ ሲከፈት በዚሁ ይጀምራል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በጆሮ የሚቃኙ ስለሆኑ የአውታሮቹ ርቀት በእኩል ክፍሉ ላይ መውደቅ አይጠበቅበትም። የድምፅ ማረሚያ መሣሪያ እያንዳንዱን ድምፅ ወደ ቅርቡ ክፍል ጎትቶ «ሲያስተካክል» በእርግጥ የሚያጠፋው የጥናቱን መረጃ ነው። ንጹሕ አምስተኛ 702 ሴንት ሲሆን በእኩል ክፍሉ 700 ነው፤ ይህ ልዩነት አይሰማም። ንጹሕ ትልቅ ሦስተኛ ግን 386 ሲሆን በእኩል ክፍሉ 400 ይሆናል፤ ይህን የሠለጠነ ጆሮ ይለየዋል።

የክፍት ምንጭ መሣሪያዎች ጥቅም እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሰርጅ ኤክስቲና ዚንአድሰብኤፍኤክስ የተባሉት ሲንተሳይዘሮች ስካላ በሚባለው ግልጽ የጽሑፍ ቅርጽ የተጻፈ ማንኛውንም ቅኝት ይቀበላሉ። ስለዚህ ተማሪው የአንድን ክራር አውታሮች ለክቶ፣ በሴንት አስልቶ፣ በተራ ጽሑፍ ጽፎ ኪቦርዱን በዚያው ቅኝት ሊያስጫውት ይችላል። ለልኬቱ በለንደን ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሶኒክ ቪዥዋላይዘር፣ ወይም የሥነ ልሳን ተማሪዎች የሚያውቁት የአምስተርዳሙ ፕራት ይበቃሉ፤ ሁለቱም በሊኑክስ ላይ ይሠራሉ፣ ሁለቱም ክፍት ምንጭ ናቸው። የምት መስመሩን በተመለከተ ግን ያለ ሜትሮኖም የተጫወተን አዝማሪ ወደ መስመሩ ከመጎተት ይልቅ መስመሩን መደበቅ ይሻላል።

መንገዱ ያለ እንቅፋት አይደለም። ኩቤዝና ኤፍኤል ስቱዲዮ ለሊኑክስ አልተሠሩም፤ ለዊንዶውስ የተሸጡ ብዙ ተጨማሪ መሣሪያዎችም በቀጥታ አይከፈቱም፣ በወይን በኩል የሚያሸጋግሩ ዘዴዎች ቢኖሩም ሁልጊዜ አያስተማምኑም። ከንግድ ስቱዲዮ ጋር ሥራ የሚለዋወጥ ሰው እያንዳንዱን መስመር ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ እኩል ርዝመት ባለው ዌቭ ፋይል አውጥቶ መላክ አለበት። ይህ አሠራር አሰልቺ ቢመስልም በየትኛውም ሶፍትዌር ይከፈታል።

ፋይሉ ከማን ጋር ይቀራል?

የአርዶር የሥራ ማኅደር ሲከፈት የሚገኘው ነገር ቀላል ነው። ድምፁ በተራ ዌቭ ፋይሎች ተቀምጧል፤ የት እንደተቆረጠ፣ የትኛው መስመር ምን ያህል እንደጎላ የሚናገረው መዝገብ ደግሞ ኤክስኤምኤል የተባለ ተነባቢ ጽሑፍ ነው። ሶፍትዌሩ ቢጠፋ እንኳ ድምፁ በማንኛውም ማጫወቻ ይሰማል፤ መዝገቡም በጽሑፍ ማረሚያ ተከፍቶ ሊነበብ ይችላል። ብዙዎቹ የንግድ ሶፍትዌሮች ይህን መዝገብ በራሳቸው ዝግ ቅርጽ ይጽፉታል።

ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር፣ ባጭሩ አያሳ፣ ለቤተ መዛግብት ዝቅተኛ ደረጃ ብሎ የሚመክረው 48 ኪሎኸርትዝና 24 ቢት ነው። በዚህ ደረጃ የአንድ ማይክሮፎን አንድ ሰዓት 518 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ አርዶር መደበኛ አድርጎ በሚጠቀምበት 32 ቢት ደግሞ 691። ስምንት መስመር ለአንድ ሰዓት ቢቀዳ ከአምስት ጊጋባይት በላይ ይሆናል። ፍላክ የተባለው ክፍት ቅርጽ ምንም መረጃ ሳይጥል መጠኑን በእጅጉ ስለሚቀንስ በኢንተርኔት ለመላክ ይመረጣል። ኤምፒ3 ለማዳመጥ እንጂ ለጥናት መዝገብ አይሆንም፤ የጣለው ነገር አይመለስምና።

አንድ ጥቃቅን የሚመስል ጉዳይ ይቀራል። ሊኑክስ የፋይል ስምን በፊደላችን መጻፍ ይፈቅዳል፤ የአጫዋቹን ስም፣ ቅኝቱንና ቦታውን በላቲን ፊደል ማበላሸት አያስፈልግም። ሆኖም አብዛኛው የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት ለአንድ ስም 255 ባይት ይሰጣል፤ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ ስሙ ከ85 ፊደል ማለፍ አይችልም። ስለዚህ በስሙ ላይ ቀኑን፣ ቅኝቱንና የመሣሪያውን ዓይነት ብቻ አስፍሮ፣ ሌላውን ዝርዝር፣ የአጫዋቹን ፈቃድ ጨምሮ፣ ከድምፁ ጎን በተራ የጽሑፍ ፋይል ማስቀመጥ ይመረጣል።